ሞተሩ ደክሟል

ኤልሳዕ ሞተር ሳይክሉን እየገፋ ሶዶ ያለው የታምራት ጋራዥ ሲደርስ ላቡ በጀርባው ይወርዳል፤ ፊቱ ላይ ግን ከብስጭት ይልቅ ተስፋ ነበር። ጋራዥ ደጃፍ ላይ እንዲህ ያለ ሰው አይታችሁ አታውቁም። ሌላው ሞተሩ እንዲሠራለት ይመጣል፤ እሱ ግን አይሠራም ተብሎ ሊገላገል ነው የመጣው።

የሁምቦን ቆላ ከብቶች በሞተር እየዞረ ሲከትብ ነው ጸጉሩ የሸበተው። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ አቧራ ወገቡ አልቋል፤ ሌሊት ሲገላበጥ ጥርሱን ይነክሳል። ይሁንና «ደከመኝ» የምትለዋ ቃል ከአፉ ወጥታ አታውቅም። «ሞተሩ ደክሟል» ነው የሚለው። ለሚስቱም፣ ለጸሎት ጓደኞቹም፣ ለአለቃው ለወይዘሮ ሰብለም እንዲሁ። ሰብለ በመጨረሻ «እንግዲህ መካኒክ አይቶ አይሠራም ካለ፣ ሌላ ሞተር ስለሌለን ተበላ ከተማ መድኃኒት ክፍል ይቀመጣሉ» አለችው። መቀመጥ የሚለውን ቃል በመስማቱ ብቻ ወገቡን ቀለል አለው።

«ሳሮ፣ ጋሼ» ብሎ በወላይትኛ ሰላም አለው ታምራት። «ምን ሆነ ደግሞ?»

«ዳገት ላይ ይጮሃል እንጂ አይሄድም። የፍሪሲዮኑ ሸራ ተበልቶ አልቋል መሰለኝ።»

ታምራት ሞተሩን አስነሣና ሦስተኛ ማርሽ አስገባ። የፊት ፍሬኑን ጨምድዶ ይዞ ፍሪሲዮኑን ለቀቀው። ፍሪሲዮኑ ጤነኛ ቢሆን ሞተሩ እዚያው ይጠፋ ነበር። አልጠፋም፤ ባለበት ቆሞ ጮኸ። ኤልሳዕ ውስጡ በደስታ ተሞላ፤ ለወጉ ያህል ግን ፊቱን አኮሳተረ።

«አለቀ አይደል?»

ታምራት የፍሪሲዮኑን እጀታ በሁለት ጣቱ ሳብ ቢያደርገው ጥቂት እንኳ ሳይላላ ወዲያው ያዘ። «ካቦውን ማነው እንዲህ የወጠረው?»

«እኔ ነኛ። የላላ ነገር አልወድም።»

እውነቱን ነው። ራሱንም ቢሆን ሲያጠብቅ ነው የኖረው።

«ትንሽ ላላ ማለት ነበረበት እኮ። እንዲህ ከወጠሩት እጅዎን ቢለቁም ፍሪሲዮኑ በግማሽ እንደተያዘ ነው፤ ለዚህ ነው የሚንሸራተተው።»

ዳዶውን ፈታ፣ ካቦውን አላላ። ዘይቱን በጣቱ ነክቶ አሸተተ፤ የተቃጠለ ነገር አልሸተተውም። እንደገና አስነሥቶ፣ ፍሬኑን ይዞ ፍሪሲዮኑን ለቀቀው። ሞተሩ አንዴ ነጠር አለና ጸጥ አለ።

«እስቲ ድገመው» አለ ኤልሳዕ።

ደገመው። አሁንም ጸጥ አለ።

«ሎኦ፣ ጥሩ ነው» አለ ታምራት ደስ ብሎት። «ሸራው ደህና ነው። ትንሽ ቢቆዩ ግን ያቃጥሉት ነበር። ሞተርዎ አልደከመም፣ ጋሼ፤ ገና ብዙ ዓመት ያገለግልዎታል።»

ብዙ ዓመት። ኤልሳዕ ማልቀስ አማረው። በቅን ልቡ የምሥራች የሚነግረውን ሰው ምን ይበለው? «እግዚአብሔር ይስጥህ» አለ፤ ድምፁ ግን ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ድምፅ ነበር።

ስልኩ ጠራ። ሰብለ ናት። «መካኒኩ ምን አለ?»

ታምራት አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ እጁን በቤንዚን ይታጠባል። «አይሠራም አለ» ማለት ይቻል ነበር፤ ማን መጥቶ ያጣራል? ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር።

«ሞተሩ ደህና ነው» አለ።

«ተመስገን። ሰኞ እንግዲህ ወደ ቆላው...»

«ደህና የሆነው ሞተሩ ነው፣ ወይዘሮ ሰብለ። የደከመው እኔ ነኝ።»

ታምራት መታጠቡን ተወ።

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገሩኝም፣ ጋሽ ኤልሳዕ?» አለች ሰብለ።

«ሞተሩ ይንገርልኝ ብዬ ነበር።»

«በሉ ቀስ ብለው ይምጡ» አለችው። «ሲደርሱ የሞተሩን ቁልፍ እኔ ጋ ይተዉታል።»

ኤልሳዕ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ታምራት ተነሣና ተቀምጦበት የነበረውን ጎማ ወደ እሱ ገፋ አደረገለት። ኤልሳዕ ተቀመጠ።