ለሰሌዳው የሚሆን ፊት

የነርሶቹ አለቃ ሜትሮኗ ማስታወቂያውን የለጠፈችው ሰኞ ጠዋት ነው። የቀዶ ጥገና ክፍል ሠራተኞች በሙሉ ረቡዕ ዕለት በባለሙያ ፎቶ እንነሳለን፤ ፎቷችን ልጆች ተራ በሚጠብቁበት ማቆያ ውስጥ ባለው ሰሌዳ ላይ ይሰቀላል። ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት ፊታችንን እንዲለምዱት ነው። «የሥራ ልብስ፣ ንጹሕ ገጽታ፣ ተፈጥሯዊ ፈገግታ» ይላል። ሦስተኛውን ደግሜ አነበብኩት።

እኔ ማደንዘዣ ሰጪ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ሳስተኛ ኖሬ ተፈጥሯዊ ፈገግታ የሚባለው ነገር ከየት እንደሚመጣ አላውቅም። ባልደረቦቼ «ደመና» ይሉኛል። ግንባሬ ሲፈጥረኝ የተቋጠረ ነው። ተናድጄ አይደለም፤ ብናደድማ ያውቁት ነበር።

ድሮ ግድም አልነበረኝ። ነገሩ የከነከነኝ ካለፈው ወር ወዲህ ነው። አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ቶንሲሏ ሊወጣላት መጥታ፣ እናቷን ተሰናብታ፣ እጄን ይዛ ደህና እየተራመደች ነበር። የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ጋ ስትደርስ ቆም አለች። እኔ ሞኟ፣ ፊቴን ብታይ ትረጋጋለች ብዬ ማስኬን ዝቅ አደረግኩና ፈገግ አልኩላት። አየችኝ። ከዚያማ የበሩን መቃን አቅፋ ጩኸቷን አቀለጠችው፤ ሦስት ሰው ሊያላቅቃት አልቻለም። ቀዶ ጥገናው ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። ሰሌዳው የታሰበው ከዚያ በኋላ ነው። ማንም «በአንቺ ነው» አላለኝም፤ እኔ ግን አውቄዋለሁ። ልጅቷ በሚቀጥለው ሰኞ ትመለሳለች፤ እኔ ደግሞ ያንኑ ፊት አሳትሜ ግድግዳ ላይ ልሰቅልላት ነው።

ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ ታናሽ እህቴ ቦርሳ ሙሉ ኩልና ሊፕስቲክ ይዛ ከች አለች።

«ጥርስሽን እንዳታሳዪ፤ ድድሽ ይወጣል» አለችኝ።

«ኧረ እማ፣ ጥርስሽን ካላሳየሽ የመታወቂያሽን ፎቶ ነው የምትመስዪው» አለች ልጄ ከሶፋው ላይ።

እህቴ ቅንድብሽን ካላቀጠንኩ ብላ ግማሹን ነቀለችው። ልጄ አየችኝና «አሁን ደግሞ የደነገጥሽ ትመስያለሽ» አለች። ባለቤቴ ከጋዜጣው ላይ ቀና ሳይል «እንደ ሁልጊዜሽ ሁኚ በቃ» አለ። «እንደ ሁልጊዜዬ እንዴት ነኝ?» ስለው ጋዜጣውን ከፍ አደረገው። ብልህ ሰው ነው።

መታጠቢያ ቤት ገብቼ መስታወቱ ፊት ቆምኩ። ከንፈሬን ወደ ላይ ስስበው ግንባሬ ወደ ታች ይወርዳል፤ ግንባሬን ስፈታው ከንፈሬ ይጠፋል። አንዱን ስይዝ ሌላው ያመልጠኛል። በዚህ ዕድሜዬ የገዛ ፊቴ ግራ ገባኝ፤ እውነቱን ለመናገር አለቀስኩም። ኩሉ ወረደ፤ እህቴ ተቆጣች።

ረቡዕ የስብሰባ አዳራሹ ውስጥ ነጭ ጨርቅ ተወጥሮ፣ ሁለት መብራት ተተክሎ ጠበቀኝ። ማስኬን አገጬ ሥር እንድተወው ያደረገኝ ፎቶ አንሺው ነው፤ «ሙያዎን ያሳያል» ብሎ። አገጭ ዝቅ፣ ትከሻ ወደ ግራ፣ አንገት ቀና፣ ግን ዘና ይበሉ። እነዚህን ሁሉ እያደረገ ዘና የሚል ሰው ካለ እሱን ያንሳው።

«የሚያስደስትዎትን ነገር ያስቡ» አለኝ።

አሰብኩ፤ ሳስብ ግንባሬ ተቋጠረ።

«ይቅር፣ አያስቡ።» አርባ ጊዜ ያህል አንስቶኝ ላቡን ጠረገ። «አሁን እቆጥራለሁ፤ ሦስት ስል ፈገግ ይበሉ። አንድ፣ ሁለት…»

እዚህ ላይ እጄ ጉድ ሠራኝ። መቁጠር የእኔ ሥራ ነው። ልጆቹን የማስተኛቸው አብሬያቸው እየቆጠርኩ ነው፤ «አንድ» ከተባለ ማስኬ አፍንጫዬ ላይ መሆን አለበት። ሁለት ሲል ማስኩን ሽቅብ ስቤ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ጢሙን ያሳደገውን ጎልማሳ «ሦስት በላ የኔ ጌታ» አልኩት። ካሜራው ቀጭ አለ። ተራ የሚጠብቁት ሁሉ በሳቅ ወደቁ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሜትሮኗ ከአርባዎቹ አንዱን መርጣ ዓርብ ሰሌዳው ላይ ሰቀለችው፤ ከንፈሯ የቀላ፣ ቅንድቧ የሸሸ ሴት። የጽዳት ሠራተኛችን አይታ «ይቺ አዲሷ ሐኪም መቼ መጣች?» ብላ እኔኑ ጠየቀችኝ። አላውቃትም አልኳት፤ እውነቴን ነው። ባለማስኩን ፎቶ ደግሞ ባልደረቦቼ ሊስቁብኝ ከማቆያው ፊት ለፊት ባለው የሻይ ክፍላችን በር ላይ ለጠፉት። ልገነጥለው አስቤ ሥራ በዛብኝና ረሳሁት።

ሰኞ ልጅቷ መጣች። ማስኬን ኪሴ ከትቼ ከሜትሮኗ ኋላ ቆምኩ። ሜትሮኗ ወደ ሰሌዳው ወሰደቻትና «ማን ይዞሽ ይግባ? አንቺ ምረጪ» አለቻት። ልጅቷ ከዳር እስከ ዳር አየች። የእኔ ፎቶ ጋ ስትደርስ ዓይኗ አልፎኝ ሄደ። ቅስሜ ተሰበረ። ከዚያ ሰሌዳውን ትታ ዞረች፤ ክፍት በነበረው በር በኩል የሻይ ክፍሉን በር በጣቷ አሳየች።

«ያቺ።»

«ያቺ እኮ አፏም አይታይ። ለምን እሷን?» አለች ሜትሮኗ።

«እየሳቀች ነዋ!»

ሄጄ ደህና አድርጌ ያየሁት ያኔ ነው። ከማስኩ በላይ ዓይኖቼ ጠበዋል፣ ጥጋቸው ተሸብሽቧል፣ ግንባሬ አንድም ቋጠሮ የለበትም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስስቅ የነገረኝ ሰው የለም። ያዩኝ ሁሉ ወዲያው እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።

«እሷ የታለች?» አለች ልጅቷ፣ እኔኑ እያየች።

ልደሰት ወይስ ልከፋ አላወቅኩም። ማስኬን ከኪሴ አውጥቼ አደረግኩት። ጠጋ ብላ ዓይኔን አየችና እጇን ሰጠችኝ። በሩን ስናልፍ መቃኑን ዞር ብላም አላየችው።

አልጋው ላይ እንደወጣች፣ እኔ ሳልጀምር፣ «አንድ» አለች።