ከውጭ የሚቆለፍ በር

የበሩ ሁለት ጋን ቁልፎች ሁለቱም በውጭ በኩል ነበሩ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የመጨረሻው ደንበኛ ሲወጣ ጋሼ ዲበኩሉ ተጠቅላዩን የብረት በር ራሳቸው ስበው ያወርዱና ግራና ቀኙን ይቆልፋሉ። ቁልፎቹን ኮት ኪሳቸው ከተው እራት ለመብላት ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ዘጠኙ ሠራተኞች ውስጥ ይቀራሉ፤ ከመጋዘን የዘይት ጀሪካን ያወጣሉ፣ የጎደለ መደርደሪያ ይሞላሉ፣ ወለል ይወለውላሉ። አሥረኛው ሠራተኛ፣ ጥበቃው ጋሼ አራጌ፣ ከውጭ በሩ ሥር ካርቶን አንጥፈው ይቀመጣሉ። የኋላው በር ሌባ ከገባበት ጊዜ ጀምሮ በብየዳ ተደፍኗል። ባለቤቱ ተመልሰው እስኪከፍቱ ማንም አይወጣም፤ ሲወጣም ቦርሳው ይፈተሻል። መቱ መናኸሪያ አጠገብ ባለው በዚህ ሱፐርማርኬት ሥራ በሳምንት ሰባት ቀን ነበር፤ እሑድም ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ይገባሉ። ስለ በሩ ግን አንድም ሰው ተናግሮ አያውቅም።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ መብራት ጠፋ። ከቀትር ጀምሮ ሲወርድ የነበረው ዝናብ አላባራም። ጄኔሬተሩ ሁልጊዜ የሚነሳው ውጭ በረንዳው ላይ ነበር፤ ያን ቀን ውኃ እንዳይገባው ብለው ወንዶቹ ወደ መጋዘኑ መተላለፊያ ጎትተው አስገቡት። በሩ እንደተለመደው ተቆለፈ። መጀመሪያ ሁሉም ራሳቸውን አመማቸው። ከዚያ ሳሙና ስትደረድር የነበረችው ሰሚራ ወደቀች። የመጋዘን ሠራተኛው ፋሲል ሮጦ ጄኔሬተሩን አጠፋው፤ ጭሱ ግን የሚወጣበት አልነበረውም። ስልክ ተደወለ። ጋሼ ዲበኩሉ ለቅሶ ቤት ነበሩ፣ ስልካቸውን ድምፁን አጥፍተውታል።

በሩን ከውስጥ ሲደበድቡት ጋሼ አራጌ ወፍራም ብረት ፈልገው የበሩን አንድ ጥግ ፈለቀቁት፤ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ተነሣ። ከዚያ በላይ እንቢ አለ። ገንዘብ ተቀባይዋ አበባየሁ ሰሚራን ብብቷ ውስጥ ይዛ ጎተተቻትና አፏን ወደ ክፍተቱ አስጠጋችው። ከዚያ ሁሉም በየተራ በሆዳቸው ተኙ። ባለቤቱ እስኪደርሱ ድረስ ዘጠኝ ሰው እርጥብ ወለል ላይ ተጋድሞ፣ ከአስፋልቱ የሚነጥረው ውኃ ፊቱ ላይ እየተረጨ፣ ከዚያች ክፍተት አየር ሳበ።

ሰሚራ ሆስፒታል ተኝታ ዳነች። ማሳከሚያዋን ጋሼ ዲበኩሉ ቻሉ፤ አልጋዋ አጠገብ ቆመው አለቀሱም። ጄኔሬተሩን ወደ በረንዳው መለሱት። የተጣመመውን በር በመዶሻ አስቀጥቅጠው አቃኑት። ሁለቱን ጋን ቁልፎች ግን እንደነበሩ ተዉአቸው።

ፋሲል ከዚህ በኋላ ነው የሠራተኛ ጉዳይ ወደሚመለከተው ጽሕፈት ቤት የሄደው። ይዞት የመጣውን ነገር መጋዘን ውስጥ የመኮሮኒ ካርቶን እየደረደረ ለሁሉም በየተራ ነገራቸው። የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም መብት ነው፤ ማኅበር ካለ ባለቤቱ ቁጭ ብሎ መደራደር አለበት፤ መጀመሪያ በሩ፣ ቀጥሎ የሳምንት ዕረፍት፣ ከዚያ የዓመት ፈቃድ። ነገር ግን አባላቱ ከአሥር ማነስ የለባቸውም፣ ሰው የመቅጣትና የማሰናበት ሥልጣን ያለው ኃላፊም አይቆጠርም። ከሌሎች ትንንሽ ሱቆች ሠራተኞች ጋር መቀላቀል እንደሚቻልም ነግረውት ነበር፤ በዚያ መንገድ ላይ ባሉት ሱቆች የሚሠሩት ግን የባለቤቶቹ ልጆችና ዘመዶች ናቸው። ስለዚህ አሥሩም ያስፈልጋሉ። አሥሩም እሺ አሉ። መስከረም ላይ፣ እሑድ ዘጠኝ ሰዓት፣ አበባየሁ ቤት ሊሰበሰቡ ቀጠሩ።

አበባየሁ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

"ሳንነግራቸው እኔ የለሁበትም።"

"ሕጉ አስፈቅዱ አይልም፣ አበባ" አላት ፋሲል።

"ማስፈቀድ መቼ አልኩ? ማሳወቅ ነው ያልኩት። ባሌ የሞተ ቀን ድንኳን ያስተከሉልኝ እሳቸው ናቸው። ሱቁን ዘግተው ቀብር ቆመዋል። ከጀርባቸው ተሰብስቤ፣ ከሰው አፍ ሰምተውት፣ በምን ዓይኔ ነው የማያቸው?"

"እስከ ሰኞ አትያቸው። መሬት መሬት እያየሽ ሂሳብ ተቀበይ።"

ሌሎቹ ሳቁ። ሲያመዛዝኑት ግን ወደ እሷ አደሉ። በአንድ ሰው ቤት እንጀራ እየበሉ፣ ለሐዘንም ለደስታም የሚደርስላቸውን ሰው ሳያሳውቁ እንዲህ ያለ ነገር መጀመር ለአብዛኞቹ ነውር ሆኖ ታያቸው። ፋሲል ብቻውን ቀረና ተወው።

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ አበባየሁና ጋሼ አራጌ ባለቤቱ ቤት ሄዱ። በዕድሜ የሚበልጡት ሁለቱ ስለሆኑ ነው የተመረጡት። ጋሼ ዲበኩሉ ምሳ ካልበላችሁ አልሰማም አሉ። ከበሉ በኋላ እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ አዳመጧቸው። አልተቆጡም። ሌላ ሰው ቢሆን ደብቆ ያደርገው ነበር፣ እናንተ ግን አክብራችሁኝ መጣችሁ ብለው አመሰገኑ። ካፊያ ስለነበር ጥላ ይዘው እስከ ግቢው በር ሸኟቸው፤ እዚያ ሲደርሱ ነው የጠየቁት።

"ለመሆኑ ሁሉም ተስማምተዋል?"

"አሥራችንም" አለች አበባየሁ። ስትናገረው ደስ ብሏት ነበር።

ጋሼ አራጌ ጭቃ የሌለበትን እየመረጡ ተራመዱ። አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ፣ "ይቺን ባትነግሪያቸው ይሻል ነበር" አሉ።

"ስንት እንደሆንን አያውቁም እንዴ?"

"ስንት እንደሆንንማ ያውቃሉ። አንድም ሰው ወደኋላ እንዳላለ ነው የማያውቁት የነበረው።"

እሑድ ጠዋት አበባየሁ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ከጎረቤት የተዋሰቻቸውን ዱካዎች እየደረደረች ሳለ በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ዲበኩሉ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጥተዋል። አንደኛው የእድሩ ዳኛ ናቸው። ሁለተኛው ኦቦ አብደታ፣ የከተማውን ግማሽ ያስተማሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው፤ አበባየሁም መጀመሪያ ብዕር የያዘችው እሳቸው ክፍል ውስጥ ነው።

"አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደራችሁ" አሉ ኦቦ አብደታ እየገቡ። ዱካዎቹን አዩና ፈገግ አሉ። "ቦታው ቀድሞ ተዘጋጅቶልናል።"

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ኦቦ አብደታ ጊዜ ወስደው፣ ስለ ዝናቡ፣ ዘንድሮ ቡናው ስለያዘው ፍሬ፣ ስለ ልጇ ትምህርት ጠየቁ። ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገቡ። ዲበኩሉ ጥፋቱን አምኗል አሉ። በር ከውጭ መቆለፍ እንደሌለበት እነሱም ነግረውታል፣ ተቀብሏል። ለብየዳ ሠራተኛው ተነግሮ ነገ የቁልፉ ማያያዣዎች ወደ ውስጥ ይዞራሉ። ይህን ሲሉ ጋሼ ዲበኩሉ ከኪሳቸው በጥቁር ክር የታሰረ አንድ አዲስ ቁልፍ አወጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"ከነገ ጀምሮ ይህ ያንቺ ነው" አሉ። "ማታ ከውስጥ ትዘጊያለሽ፣ ከውስጥ ትከፍቻለሽ። እኔ ከዚያ ሰዓት በኋላ አልመጣም። የሱቁ ኃላፊ አንቺ ነሽ። የሚያጠፋውን መቅጣትም፣ የማይረባውን ማሰናበትም ላንቺ ሰጥቻለሁ። ደመወዝሽም ይስተካከላል፤ እዚህ ሽማግሌ ፊት ነው የምናገረው።"

አበባየሁ ቁልፉን አየችው። ፋሲል ካርቶን እየደረደረ የነገራትን ታስታውሳለች፤ ማን እንደሚቆጠርና ማን እንደማይቆጠር።

"ቁልፉን ያለ ኃላፊነቱ ይስጡኝ፣ ጋሼ" አለች።

"እንዴት ይሆናል? ይህን ሁሉ ንብረት ኃላፊ ላልሆነ ሰው እንዴት አስረክባለሁ?"

"ለጋሼ አራጌ ይስጧቸው እንግዲያው። ጥበቃ ናቸው።"

"አራጌ ውጭ ነው ያለው። የፈለግሽው ከውስጥ እንዲሆን አይደል?"

የእድሩ ዳኛ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ነገሩ ትክክል መስሎ ታይቷቸዋል። ኦቦ አብደታ ወደ እሷ ጠጋ አሉ።

"ልጄ፣ ሰውየው የጠየቃችሁትን ይዞ መጥቷል። ቤትሽ ድረስ። ባዶ እጁን ብትመልሺው እኛንም ነው የመለስሽን።"

"ሌላም የጠየቅነው ነበር። የዕረፍት ቀን።"

"እሱም በጊዜው ይታያል" አሉ ጋሼ ዲበኩሉ።

አበባየሁ ማኅበሩ ዛሬ ቢመሠረት መቼ ሊመዘገብ እንደሚችል፣ ድርድሩ ስንት ወር እንደሚፈጅ አሰበች። እስከዚያ በየማታው በሩ ይወርዳል። ነገም ይወርዳል። መብራት በሳምንት ሁለቴም ሦስቴም ይጠፋል። ሰሚራ አሁንም ደረጃ ስትወጣ ቆም ብላ ትንፋሿን ትሰበስባለች። ሦስቱም እያዩዋት እጇን ዘረጋችና ቁልፉን አነሣች።

"ገለቶማ" ብለው አመሰገኗት ኦቦ አብደታ፤ ተነሥተውም ትከሻዋን ሳሟት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጀመሪያ የመጣው ፋሲል ነበር። ሌሎቹ ተከትለውት ገቡ፤ ጫማቸውን በር ላይ እየጠረጉ፣ በዱካው ብዛት እየቀለዱ። ጋሼ አራጌ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ፋሲል ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቁልፍ አየ።

"ምንድን ነው?"

"የበሩ ነው። ነገ ወደ ውስጥ ይዞራል።"

"በምን ሂሳብ?"

"ኃላፊ አድርገውኛል።"

ቀልዱ ቆመ። አበባየሁ ጠዋት የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምራ፣ ምንም ሳታስቀር ነገረቻቸው። ስትጨርስ ፋሲል ሰዎቹን በዓይኑ ቆጠረ።

"ዘጠኝ ነን ማለት ነው" አለ።

"በሩ ይከፈታል፣ ፋሲል።"

"በሩ ይከፈታል። እኔ ከነገ ወዲያ ታምሜ ብቀር ማነው የሚቀጣኝ?"

"እኔ አንተን አልቀጣም።"

"ቅጪው ሲሉሽስ?"

ጥግ ላይ የተቀመጠችው ሰሚራ ሻሿን እያስተካከለች፣ ማንንም ሳታይ ተናገረች።

"እኔ በሩ ይሻለኛል።" ቀጥላም ቀስ ብላ፣ "እናንተ ወድቃችሁ አላያችሁትም" አለች።

ፋሲል ጃኬቱን ዘጋ። ኃላፊ ባለበት የማኅበር ስብሰባ አይደረግም አለና ወደ በሩ ሄደ። አብረው በሠሩበት ዘመን ሁሉ አበባ እያለ ነው የሚጠራት።

"ደህና ይዋሉ፣ እትዬ አበባየሁ" አላት።

ሌሎቹ ትንሽ ተቀምጠው አንድ በአንድ ወጡ። ጋሼ አራጌ የመጨረሻው ነበሩ፤ ዱካዎቹን ወደ ጎረቤት በመመለስ አገዟት።

ሰኞ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የብየዳው ሥራ አልቆ ነበር፤ ብረቱ ላይ የተቃጠለው ቀለም ይሸታል። ከሁለቱ ማያያዣዎች አንዱ ተቆርጧል፣ አንዱ ወደ ውስጥ ዞሯል። ጋሼ ዲበኩሉ ክሩን አበባየሁ አንገት ላይ አጠለቁላት። ከአንገቷ እንዳይወርድ፣ ለማንም እንዳትሰጥ፣ ዕቃ ቢጎድል የምትጠየቀው እሷ እንደሆነች፣ ሲወጡ ቦርሳ የምትፈትሸውም እሷ እንደሆነች ነገሯት። ከዚያ ሄዱ።

አበባየሁ በሩን ከውስጥ ስባ አወረደችውና ቆለፈችው። በመዶሻ በተቃናው ጥግ በኩል አሁንም ጣት የማያስገባ ብርሃን ይታያል። ሠራተኞቹ ወደ ሥራቸው ገቡ። ፋሲል የስኳር ኬሻ ተሸክሞ በአጠገቧ ሲያልፍ፣ "ይቅርታ፣ ያሳልፉኝ" አላት፤ ቦታው ሰፊ ነበር።

እሷ ወደ መጋዘን ሄዳ መዶሻና አንድ ምስማር ይዛ ተመለሰች። ከበሩ አጠገብ ያለውን የእንጨት መደርደሪያ እግር ከላይ እስከ ታች አየችው። መጀመሪያ ምስማሩን በደረቷ ከፍታ እንጨቱ ላይ አስጠጋች፤ ከዚያ ዝቅ አደረገችው፤ ከዚያም ተንበርክካ የበለጠ ዝቅ አደረገችው።

"ሰሚራ፣ ነይ። እዚህ ተኚ።"

"ወለሉ ላይ?"

"ያን ቀን እንደተኛሽው። እጅሽን ዘርጊ።"

ሰሚራ ካርቶን አንጥፋ በሆዷ ተኛች፣ እጇንም ዘረጋች። አበባየሁ ምስማሩን የሰሚራ ጣት የደረሰበት ቦታ ላይ መታችው። ክሩን ከአንገቷ አወለቀችና ቁልፉን ሰቀለችው። ቦርሳ የሚፈተሽበት ሰዓት ሲደርስ በሩን ከፍታ ወደ ጎን ቆመች፤ ሁሉም ወጡ።

ፋሲል በጥር ወደ ቡሬ ሄደ፤ በእሱ ቦታ የባለቤቱ የእህት ልጅ ገባ። ሚያዝያ ላይም ሥራው ገና በሳምንት ሰባት ቀን ነበር። ቁልፉ ከወለሉ ሁለት ስንዝር ከፍ ብሎ ምስማሩ ላይ ነበር።