ቀድሞ መሄድ

በያጁ ብረት ሲያጣብቅ እጁ አይንቀጠቀጥም፤ ሚስቱ እህቷን ልትጠይቅ ሻንጣዋን ባነሳች ቁጥር ግን ጠብ ይጭራል። "ሰው ሊሄድ ሲል ለምን ነገር ትፈልጋለህ?" ስትለው በሩን ዘግቶ ይወጣል። ኋላ ላይ እንቅልፍም ምግብም እንቢ ሲለው፣ በእሷ ውትወታ ወደ ሥነ ልቦና ሐኪም መመላለስ ጀመረ።

በስድስተኛው ወር ሐኪሟ "ለሁለት ሳምንት ዕረፍት ስለምወጣ አንገናኝም" አለችው።

ፊቱ ተለዋወጠ። "እንግዲያው እኔም ሁለተኛ አልመጣም። ወሬ ብረት አይበይድም!" ብሎ ብድግ አለ።

ሐኪሟ አልተቆጣችም። "ሳልሄድብዎ ቀድመውኝ ሊሄዱ ነው?" አለችው በለሆሳስ።

እጁ የበሩ እጀታ ላይ ቀረ። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ እናቱ ሆስፒታል በር ላይ "መጣሁ፣ የኔ ጌታ" ብላው ገባች፤ በዚያው ቀረች። አክስቱ "ወንድ ልጅ አያለቅስም" ብላ እስክትወስደው ድረስ በሩን ሲያይ ዋለ። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ተመልሶ ተቀመጠና ለሐኪሟ ነገራት፤ ሠላሳ ዓመት የታመቀው እንባም ገነፈለ።

ቅዳሜ ጠዋት ሚስቱ ለጉዞ ልብሷን ስታጣጥፍ፣ እንደ ልማዱ ነገር ነገር አለው። ንዴቱን ዋጥ አድርጎ፣ "ስትሄጂ እፈራለሁ" አላት።

"ምኑን?"

"እንዳትቀሪብኝ።"

የያዘችውን ቀሚስ ትታ አጠገቡ ተቀመጠች።

ከዚያ አውቶቡስ ድረስ ሸኛት። ባዶው ቤት ከበደው፤ ቢሆንም የምትመለስበትን ቀን እየጠበቀ ዋለ። የሐኪሟ ዕረፍት ሲያልቅም ከቀጠሮው ሩብ ሰዓት ቀድሞ ደረሰ።