ሁለተኛው አሻራ

እና ጎንበስ በል ጓድ ታፈረ፣ ጉበኑ አጭር ነው፣ ለሰው ያላጎነበስከው ሰውዬ ለአገልግሎት ማኅበሩ በር ታጎነብሳለህ፣ ይላል መንግስቴ በሆዱ፣ በአፉ ግን እንደምን አደሩ ጓድ ሊቀ መንበር፣ ይቀመጡ፣ አግዳሚው አቧራ ነው ልጥረግልዎት። ይጠርጋል። በእጁ።

ሁለት ዓመት ይቺን ቀን ጠብቋል፣ ከስድስተኛ ክፍል አቋርጦ አርብ ገበያን ሲዞራት፣ ጨው ሲቸረችር፣ ጭነት ሲያወርድ፣ በኋላ እጅ ጽሑፉ ያምራል ተባለና ከዚህ ጠረጴዛ ኋላ ጎለቱት፣ የሥራ ማዘዣ ጸሐፊ፣ በየቀበሌው ወፍጮ ሲሰበር ማዘዣ የሚከፍተው እሱ፣ የሚዘጋው እሱ፣ እሱ ያልጻፈውን መካኒኩ ሀይሉ አይነካም፣ መካኒክ ያልነካው ወፍጮ ደግሞ ድንጋይ ነው። ድንጋይ።

ወፍጯችን ቆመ፣ ይላል ታፈረ፣ ከሮብ ጀምሮ፣ ሞተሩ ጥቁር ጢስ ተፋና ጸጥ አለ፣ ሴቶቹ ሊበሉኝ ነው፣ ቶሎ በልና ጻፍልኝ አንተ ልጅ። አንተ ልጅ። ታላቄን ውቤንም እንዲሁ ነው ያለው፣ አንተ ልጅ ቅደም፣ በዚሁ ገበያ፣ በዚሁ አርብ ቀን፣ በጉን ሳይሸጥ፣ ገመዱ እጁ ላይ እንደተጠመጠመ፣ የውትድርናው ኮታ ጎድሏል ተብሎ፣ የራሱን ልጅ አበጀን ጎተራ ውስጥ እንደ እህል ከቶ ወንድሜን ላከው፣ እናቴ ፋንቱ እግሩ ላይ ወደቀች፣ ጌታዬ ሚስቱ እርጉዝ ናት፣ እሱ ቁልቁል አያትና ተፈጽሟል እማማ፣ ወረቀቱ ወደ ላይ ሄዷል። ተፈጽሟል። በስቅለት ቀን ቤተ ልሔም ደብር ላይ ካህኑ ተፈጸመ ሲሉ ሕዝቡ ለእግዜር ይሰግዳል፣ እናቴ ግን ለታፈረ ሰገደች፣ በጭቃ ላይ፣ እኔ በጉን ይዤ ቆሜ።

እሺ። ማዘዣ ቁጥር ሃያ ሰባት። ካርቦኑን ያስገባል፣ ነጩ ለመካኒኩ፣ ቢጫው ከጥራዙ አይወጣም። ጠያቂ፣ የገበሬዎች ማኅበር። ዕቃ፣ ወፍጮ። ብልሽት፣ ሞተር፣ ጢስ።

ያትሙ ጓድ ሊቀ መንበር። የቱ ጋ? ሁለቱም ቦታ፣ ከላይም ከታችም፣ እንደ ወትሮው።

ወትሮም እንዲህ ነው፣ የላይኛው አሻራ ሥራ ጠይቄያለሁ ነው፣ የታችኛው ሥራው አልቆ ተረክቤያለሁ፣ ግን ለአንዲት አሻራ ብሎ የግማሽ ቀን ዳገት ማን ይመለሳል፣ ስለዚህ ወፍጮው ገና ሳይነካ ገበሬው ሁለቱንም አትሞ ይሄዳል፣ ሥራው ሲያልቅ መንግስቴ ከታችኛው አሻራ በላይ አንዲት ቃልና ቀን ይጽፋል፣ ማዘዣው ተዘጋ። እምነት ነው። አንድም ቀን አላጎደለም። እስከ ዛሬ።

ታፈረ አውራ ጣቱን ቀለሙ ላይ ያሻል፣ የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀቱን በመስታወት አስገብቶ ግድግዳው ላይ ሰቅሏል አሉ፣ ጣቱ ግን ዛሬም ፊደል አያውቅም፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ሁለት ጥቁር ጥንዚዛ፣ መንግስቴም ዓይኑ ሥር፣ እዚያው ፊቱ፣ ከታችኛው ጥንዚዛ በላይ በዚያ በሚያምር እጁ ተፈጽሟል ብሎ ይጽፋል።

ምን አልክልኝ? አስቸኳይ ብዬልዎታለሁ። ጎሽ የኔ ልጅ።

የኔ ልጅ ይበልሃ! የተዘጋ ማዘዣ ሳጥን ይገባል፣ ሀይሉ ስድስት ሰዓት ላይ ክፍቶቹን ብቻ ሰብስቦ በላንድሮቨሩ ይወጣል፣ ሰኔ ገብቷል፣ ጭቃው መንገዱን ከቆረጠ እስከ ጥቅምት መካኒክ የለ፣ አቤት ቢል አሻራህ ይኸው፣ ተረክበሃል፣ ወፍጮውን ምን አደረግኸው ይሉታል፣ ሴቶቹ ጋቢውን ይተለትሉታል፣ ያኔ እኔም በሩ ላይ ቆሜ ወረቀቱ ወደ ላይ ሄዷል እለዋለሁ፣ ቁልቁል አይቼ። ሴቶቹስ? በእጃቸው ይፍጩ፣ እናቴ የሱን ወፍጮ አልረግጥም ብላ ሁለት ዓመት በእጇ ፈጭታ የለ። ቀኑ ብቻ ቀረ፣ ሰኔ

እናትህም ልብ ገዛች፣ ይላል ታፈረ ከበሩ ላይ ዞሮ። ማለት? ማክሰኞ ወፍጮ ቤት መጣች እንጂ፣ ክንዷ አብጦ መጅ አልጨብጥ ብሏት፣ በቀይ የተጣፈ ጆንያ፣ የተቆላ ገብስ፣ እስካሁን ተራ ይዞ ተቀምጧል፣ በሶ ነው አለች፣ ለውቤ፣ የወልደ ገብርኤል ልጅ የዕረፍት ፈቃዱን ጨርሶ ሰኞ ወደ ጦሩ ይመለሳል፣ እሱ ያደርስለታል። አልነገረችህም? ሃሃ፣ የታፈረን ወፍጮ ጠልቶ የት ይደረሳል፣ በል ደህና ዋል።

ብዕሩ አየር ላይ ነው።

የከተማው ወፍጮ፣ ቁጥር ሃያ አራት፣ ዕቃ እስኪመጣ ቆሟል፣ ራሱ ነው የጻፈው። ሰኞ። ዛሬ አርብ። ቀዩ ልጣፊ የውቤ አሮጌ ሸሚዝ ነው፣ ያውቀዋል። ልሰርዘው? ስርዝ ድልዝ ያለበትን ሀይሉ አይቀበልም፣ ልቅደደው? ቁጥር ያለው ወረቀት አይቀደድም፣ አዲስ መክፈት ነው፣ ሃያ ስምንት፣ አዲስ ማዘዣ አዲስ አሻራ ይላል፣ አሻራው ደግሞ፣ ወይኔ፣ ጣቱ፣ ጣቱ እየሄደ ነው፣ ያቺ ጣት ገበያው መሀል ገብታለች፣ ከወዲያ ሀይሉ ላንድሮቨሩን ያስነሳል፣ መንግስቴ ጥራዙን በብብቱ ቀለሙን በመዳፉ ይዞ ይሮጣል፣ አህያ ይገፋል፣ የምስር ቁና ይደፋል፣ እናትህ ይላሉ፣ ጓድ ሊቀ መንበር! ጓድ ሊቀ መንበር ይቁሙልኝ!

ምነው አንተ ልጅ?

አሻራዎ ደብዝዟል። ጣቱን ራሱ ይይዘዋል፣ ሞቃት ነው፣ ሻካራ ነው፣ የገበሬ ጣት ነው፣ ሃያ ስምንትን ገልጦ ከላይ ያትመዋል። ከታችስ? የታችኛው ይቆይ፣ ወፍጮው ሲያልቅ በእግርዎ መጥተው ያትማሉ፣ ሕጉ ተለውጧል። ከመቼ ጀምሮ? ከዛሬ።

የሃያ ስምንትን ነጭ በጥድፊያ ሞልቶ ለሀይሉ በላንድሮቨሩ መስኮት ያቀብላል፣ በመጀመሪያ እዚያ ሂድ፣ በማርያም።

በሶው ይድረስ። ውቤ ይብላ። ሃያ ሰባት ግን ጥራዙ ውስጥ ናት፣ ቃሏም ከነአሻራዋ፣ የጎደላት ቀን ብቻ ነው፣ ቀን ደግሞ እኔ ነኝ የምጽፈው፣ ወፍጮ እንደሆን መሰበሩ አይቀርም።