አራት ወይስ አምስት

ሮዌና ደወሉን ልትመታ ስትል እጇን ለቀም አድርጌ ያዝኩት። ቱልሳ ከተማ፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ፣ የኦክላሆማ የክሊኒክ ሒሳብ ሠራተኞች ውድድር ፍጻሜ ላይ ነን። ፊት ለፊታችን አምና ዋንጫውን የወሰዱት የትልቁ ሆስፒታል ሁለት ሰዎች ተደላድለው ተቀምጠዋል። ነጥባችን እኩል ነው፤ የቀረው አንድ ጥያቄ ብቻ። ቀድሞ የደወለ ይመልሳል፣ ከተሳሳተ ዋንጫው የሌላው ነው።

የእኔና የሮዌና ሥራ ሐኪሙ ስለ በሽተኛው የጻፈውን ማንበብ ነው። ሕመሙ ምን ያህል ከባድ ነበር? ሐኪሙ የወሰነው ነገርስ ምን ያህል አደጋ አለው? ይህን መዝነን ለምርመራው ደረጃ እንሰጠዋለን፤ ክፍያውም በደረጃው ይጠየቃል። ከሁሉም የሚከብደው አምስት ነው።

ዳኛዋ ወይዘሮ ፌልፕስ ያነበቡልን ታሪክ የአንድ አዛውንት ገበሬ ነበር። የቆየ የሳንባ በሽታቸው ክፉኛ ተነሥቶባቸው፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ክሊኒክ ይመጣሉ። ሐኪሟ ሆስፒታል ይተኙ አይተኙ እያለች ከእሳቸውና ከልጃቸው ጋር ትመክራለች። ልጅየዋ ነርስ ስለሆነች እቤት ልታስታምማቸው ይስማማሉ፤ መድኃኒታቸውን ይዘው ይሄዳሉ።

«አራት ነው፣ ልቀቂኝ» አለች ሮዌና በሹክሹክታ። «ሰውየው ቤታቸው ገብተዋል እኮ!»

«ቢገቡስ? አምስት ነው።»

«ጄኔል፣ ዛሬ ብታዋርጂኝ ሁለተኛ አብረሽኝ ምሳ አትበዪም።»

ከወዲያ ማዶ አንድ እጅ ወደ ደወሉ ሲዘረጋ አየሁ። ከዚያ በኋላ አላሰብኩም፤ በመዳፌ ደወሉን አጮህኩትና «አምስት» አልኩ። ሮዌና ዓይኗን ጨፈነች።

ወይዘሮ ፌልፕስ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና ምክንያቴን ጠየቁኝ። የተነሣባቸው በሽታ ራሱ ለሕይወት የሚያሰጋ መሆኑን ተናገርኩ። «ደግሞ የሚቆጠረው መተኛታቸው አይደለም» አልኩ። «ይተኙ አይተኙ ብሎ መወሰኑ ነው። ያቺ ሐኪም ቤትዎ ይሂዱ ስትል የሰው ነፍስ በእጇ ነበር።»

የሆስፒታሉ ሰዎች ተቃወሙ። ዳኞቹ ተጠጋግተው መከሩ። በመጨረሻ ወይዘሮ ፌልፕስ ቀና ብለው፣ «አምስት ነው» አሉ።

አዳራሹ ተናወጠ። ሮዌና አንገቴ ላይ ተጠምጥማ እየሳቀችም እያለቀሰችም፣ ስትሰድበኝ ይሁን ስታመሰግነኝ በማይለይ ቃል ጆሮዬን አደነቆረችው።

ስንመለስ መንገድ ላይ ጥብስ ቤት ገባን። ሮዌና ዋንጫውን ጠረጴዛው መሃል አስቀምጣ ለአስተናጋጇ ታሪኩን ከነእጅ እንቅስቃሴው ተረከችላት። ልጅቷ ሳህን እንደያዘች ቆማ ሰማችና፣ «ታዲያ ሽማግሌው ዳኑ?» አለች።

ተያየን። ታሪኩ ለውድድር የተፈጠረ ነው፤ እኛም ቢሆን ይህን ማሰብ ትዝ አላለንም።

«ድነዋል» አለች ሮዌና ሥጋዋን እየቆረጠች። «አሁን ላሞቻቸውን እያለቡ ነው።»