ባትሪውን የሚበላው

የሙሳ መኪና ባትሪ በአንድ ወር ውስጥ ለአምስተኛ ጊዜ ሞተ። ማታ ደህና ያቆማት መኪና ጠዋት ቁልፍ ሲያዞርባት ጠቅ ብላ ዝም ትላለች። ይባስ ብሎ መስታወቶቿ ሰው ያደረባት ይመስል ከውስጥ ላብ አቁረው ይጠብቁታል። የባሕር ማዶ ሰፈሩ የኒር ኢስት ሳይድ ብርድ ነው እያለ ራሱን ሲያታልል ከረመ።

የሚሠራበት የዕቃ ዌርሃውስ ላረፈደ ሠራተኛ የቅጣት ፖይንት ይሰጣል፤ ስድስት የሞላበት ይባረራል። ሙሳ አምስት አለበት። አንድ ጠዋት ብቻ ቢያረፍድ የእንጀራ ገመዱ ተበጠሰ።

ሽጣት ያላለው ሰው የለም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብለው ሳቁበት። እሱ ግን መኪናዋን የገዛት ከእትዬ ጽጌ ስለሆነ አልጨከነባትም፤ ባላቸው ጋሼ ንጉሤ ዕቃ እያደረሱ ዴሊቨሪ ሲሠሩባት ኖረው ታኅሣሥ ላይ በድንገት ሞቱ። እትዬ ጽጌ ቁልፉን ሲሰጡት አንድ ነገር ለመኑት።

«አንተም የደሴ ልጅ ነህና አፍህን ጠብቅ። ደሴ ያሉት የንጉሤ እናት ገና አልተረዱም። ልባቸው ደካማ ስለሆነ መርዶው ከፋሲካ በኋላ ይሁን ተብሏል። እሳቸውማ ከልጄ ጋር በየቀኑ እናወራለን ይላሉ። ጃጅተው ነው።»

እሑድ ከሰዓት መካኒኩ ምንያህል መጥቶ ባትሪውን ለካ።

«ባትሪው አዲስ ነው፤ ባትሪውን የሚሞላው ኦልተርኔተርም ኦኬ ነው» አለ። «ባትሪ ዝም ብሎ አይሞትም። የሚበላው ነገር አለ።»

ሲፈልግ ቆይቶ ከባትሪው ላይ በቀጥታ የተጠለፈ ቀጭን ሽቦ አገኘ። ሽቦው በምንጣፉ ሥር ሄዶ ከሾፌሩ ወንበር በታች ይገባል። ሙሳ እጁን ሰደደና ስልክ አወጣ። ስልኩ ይሞቃል።

«የጋሼ ንጉሤ ነው» አለ።

«መኪናዋ ጠፍታም ቻርጅ እንዲያደርግ ብለው ነዋ» አለ ምንያህል። «ግን ስልክ ብቻውን እንዲህ አይጨርስም።»

ስልኩ የይለፍ ቁጥር አልነበረውም። ሙሳ የጥሪዎቹን ዝርዝር ከፈተ። «እማዬ» የሚል ስም ብቻ ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። ጋሼ ንጉሤ ከሞቱ ወዲህም በየቀኑ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ደሴ ላይ ቀትር ሲሆን፣ ይደወላል። ያልተነሳ ጥሪ የለም። አርባ ደቂቃ፣ አንድ ሰዓት፣ የዛሬው ደግሞ ሁለት ሰዓት ሙሉ። ሙሳ ፈራ፤ መፍራቱንም አልደበቀም። ምንያህል ሽቦውን ቆረጠው።

ሰኞ ንጋት ላይ መኪናዋ በአንድ ቁልፍ ተነሳች። መስታወቷ ደረቅ ነበር። ሙሳ ደስ ብሎት ማርሽ ሊያስገባ ሲል አጠገቡ ያለው ስልክ ጮኸ። እማዬ። እስኪያቆም ጠበቀ። እንደገና ጮኸ። ልበ ደካማ እናት ልጃቸው ባያነሳላቸው ምን ይሆናሉ? አነሳውና እንደ ጋሼ ንጉሤ ድምፁን አወፍሮ፣

«አለሁ፣ እማዬ» አለ።

አሮጊቷ ድምፁን ለዩት።

«አንተ ማነህ?»

ሙሳ ስልኩን ሊዘጋ ቃጣው።

«አትፍራ» አሉት። «ልጄ ትናንት ተሰናብቶኛል። ነገ የሚያነሳው ሌላ ሰው ነው፣ እስከዚያ እንዳታለቅሺ አለኝ።» ትንፋሻቸው ተቆራረጠ። «እስኪ አንተው ንገረኝ። አሁን ላልቅስ?»

መርዶ በስልክ አይነገርም። በማለዳ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ዘመድ ግራና ቀኝ ደግፎ ነው የሚነገረው። ሙሳ ብቻውን ነበር። ሰዓቱን አየ፤ አሁን ካልወጣ ስድስተኛው ፖይንት ነው። መርዶ ያረዳ ሰው ግን ሐዘንተኛን ትቶ አይሄድም።

«አልቅሱ፣ እማማ» አላቸውና፣ በስንት መከራ የተነሳችውን መኪና አጠፋት።