«ኦስሎ ደርሼ መጣሁ»

ወይዘሮ አባይነሽ ኦስሎ ከተማ መኖር ከጀመሩ ሃያ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። ስለዚህ አንድ ማክሰኞ ልጃቸው ሐረገወይን ደውላ የት እንደዋሉ ስትጠይቃቸው «ኦስሎ ደርሼ መጣሁ» ቢሏት ሳቀች። እናቷ ጨዋታ ያውቃሉ። በሳምንቱ ደግሞ «ኦስሎ ነበርኩ፤ ነፋሱ አይጣል ነው» አሏት። በሦስተኛው «ነገ ኦስሎ ስለምሄድ እንዳትለፊ» ሲሏት ግን ሳቋ ጠፋ።

ሐረገወይን እንዲህ ያለውን ነገር አቅልላ ማለፍ አይሆንላትም። ፕሪንስዳል አካባቢ ባለ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ፣ እነሱ ሲከየም በሚሉት ቤት፣ ረዳት ነርስ ናት። የሰው አእምሮ እንዴት ቀስ በቀስ እንደሚሸሽ በየቀኑ ታያለች። መጀመሪያ መነጽር ይጠፋል፣ ከዚያ ቀኑ፣ ከዚያ አገሩ። እናቷ መነጽር ማጣት የጀመሩት ገና በደህናው ጊዜ ስለሆነ እሱን አልቆጠረችውም። በአንድ ጊዜ አገር ላይ መድረሳቸው ግን አስደነገጣት።

ለሐኪማቸው ደወለች፣ ሐኪሙ ለኮሙኑ፣ ማለትም ለከተማው አስተዳደር፣ ጻፈ፣ ኮሙኑም የማስታወስ ችሎታ የምትመረምር ነርስ እልካለሁ አለ። ሐረገወይን ይህን ለእናቷ እንዴት ብላ ትንገራቸው? «ጭንቅላትሽ ሊመረመር ነው» ማለት አፏ አልደፈረም። እና አድበስብሳ «ከኮሙኑ አንዲት ሴት ትመጣለች፤ ትንሽ ፈተና ነገር አለ» አለቻቸው። ወይዘሮ አባይነሽ «ፈተና ከሆነማ ላጥና» አሉ። ሐረገወይን ይህንንም ከበሽታው ቆጠረችው።

ጥቅምት ሃያ ቀን፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ነርሷ ቶየን ወዳለው የወይዘሮ አባይነሽ ቤት መጣች። ወይዘሮ አባይነሽ የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ተሠርተው ጠበቋት። አስተርጓሚው በስልክ ነው። ሐረገወይን እንዳትናገር ተነግሯት ጥግ ላይ ተቀምጣለች። እናቷ ፈተናውን ከወደቁ ይህን ቤት መልቀቃቸው ነው። ወይ ወደ ሲከየም፣ ወይ አመሩድ፣ እሷ ዘንድ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ፣ ማንንም ወደማያውቁበት። ይህች አንድ መኝታ ያላት የኮሙን ቤት ደግሞ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳቸው ስም በሯ ላይ የተለጠፈባት ቤት ናት።

አጀማመሩ ጥሩ ነበር። ሦስት ቃላት በቃላቸው ያዙ። ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነሱ እንዲወርዱ ሲጠየቁ፣ ሾላ ገበያ በርበሬ ሲቸረችሩ የኖሩ ሴት ናቸውና፣ ነርሷ ከወረቀቷ እስክታመሳክር ቀድመዋት ወረዱ። ዓመተ ምሕረቱን ሲጠየቁ «ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት» አሉ። የነርሷ እስክሪብቶ ቆመ። ሐረገወይን መከልከሏን ረስታ ጮክ ብላ «በእኛ አቆጣጠር ልክ ናቸው» አለች፤ አስተርጓሚውም መሰከረ፤ ነርሷ ፈገግ ብላ ምልክት አደረገች።

ቀጥላ «አሁን ያለነው በየትኛው ከተማ ነው?» ብላ ጠየቀች።

ወይዘሮ አባይነሽ ይህን ጥያቄ ሲጠብቁት የቆዩ ይመስል ቀና ብለው ተቀመጡ።

«እዚህ እንኳ ከተማ አልነበረም፤ የእርሻ መሬት ነው» አሉ። «ከተማው ክርስቲያኒያ ይባል ነበር።»

«አሁንስ? ኦስሎ አይደለም?»

«ኔይ፣ አይደለም» አሉ ለነርሷ እያዘኑላት። «ኦስሎ ወዲያ ነው፤ ባሕሩ ጋ፣ ከተራራው ሥር።»

አስተርጓሚው እንኳ ለመተርጎም ትንሽ አመነታ። ነርሷ የጻፈችውን ጻፈችና ውጤቱን በሁለት ቀን ውስጥ ደውላ እንደምታሳውቅ ነግራ፣ እጃቸውን ጨብጣ ወጣች። ወይዘሮ አባይነሽ «ጎበዝ ናት፤ ግን የራሷን አገር ታሪክ አላጠናችም» ብለው በሩን ዘጉ። ሐረገወይን ሽንት ቤት ገብታ ውሃውን ከፍታ አለቀሰች።

በነጋታው ብትደውል ስልኩ አይነሣም። አሥር ጊዜ ሞከረች። ከሥራ አስፈቅዳ ቶየን ስትደርስ ቤቱ ተቆልፏል። የጎረቤታቸው የአቶ ኦድቫርም በር ተዘግቷል። እሳቸው ሰማንያ ስድስት ዓመት የሞላቸው ጡረተኛ የትራም ሾፌር ናቸው። አደባባዩ ላይ ሱቅ ያለው የወሎው ልጅ ሰዕድ ዘንድ ደርሳ ስትጠይቀው እያዛጋ፣ «እማማ አባይነሽ? ከሽማግሌው ጋር ወደ ኦስሎ ወረዱ» አላት፣ ገበያ ወረዱ እንደማለት።

«ሰዕድ፣ አንተም?»

«ምን አጠፋሁ? በግሮንላንድ ሰፈር በኩል ቁልቁል ሄደሽ፣ ኦስሎ ጎዳና የሚል ሰሌዳ ስታገኚ ደረስሽ ማለት ነው።»

እየሮጠች ወረደች። ኢከበርግ ተራራ ከፊቷ እየቀረበ መጣ። እውነትም የመንገዱ ሰሌዳ ላይ «ኦስሎ» የሚል ተጽፎ አየችና ቆም አለች። በኦስሎ ከተማ ውስጥ ኦስሎ የሚባል መንገድ ለምን ያስፈልጋል? ለሃያ ሦስት ዓመት በዚህ ስታልፍ አንድም ቀን ይህን ጠይቃ አታውቅም።

እናቷን ያገኘቻቸው ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ ውሃው ዳር ባለው መናፈሻ፣ ጉልበት በማይደርስ የድንጋይ ፍርስራሽ መካከል ነው። በባዶ እግራቸው እርጥብ ሣር ላይ ቆመው ነጠላቸውን አጣፍተዋል። አቶ ኦድቫር ከውጭ፣ በአንድ እጃቸው ምርኩዛቸውን፣ በሌላው የወይዘሮ አባይነሽን ጫማ ይዘው ይጠብቃሉ።

ሐረገወይን ልትቆጣ አፏን ስትከፍት ሽማግሌው ቀደሟት። ይህ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ነበር አሏት። ከተማዋ የተወለደችው እዚህ ነው፤ ባሕሩም ያኔ እስከዚህ ይመጣ ነበር። የዛሬ አራት መቶ ዓመት ሦስት ቀን ነድዳ አመድ ስትሆን የዴንማርኩ ንጉሥ ከወሽመጡ ማዶ፣ ከምሽጉ ሥር አዲስ ከተማ አሠራና በራሱ ስም ክርስቲያኒያ አላት። ድሆቹ ግን ከአመዱ አጠገብ ቀሩ፤ ስሙም ከነሱ ጋር ቀረ። ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ ኦስሎ ማለት ከከተማው ውጭ ያለ የድሃ መንደር ነበር። በ1925 አዲስ ዓመት ቀን ነው ትልቁ ከተማ ንጉሡን ትቶ የመንደሩን ስም መልሶ የወሰደው። የአቶ ኦድቫር አያት እዚሁ ተወልደው ቶየን የተዳሩ ሴት ነበሩና፣ እስኪሞቱ ድረስ ዘመድ ሊጠይቁ ሲነሡ «ኦስሎ ደርሼ ልምጣ» ይሉ ነበር።

ሐረገወይን ወደ እናቷ ዞረች።

«እማዬ፣ ታዲያ ትናንት ለነርሷ እንደዚያ ያልሻት...»

«ፈተና ነው አላልሽም? ዜግነት ሲሰጡ የሚፈትኑት መስሎኝ ከኦድቫር ጋር ስንት ቀን ነው ያጠናሁት» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዛሬ ሃያ አንድ ነው፣ ማርያም ናት። ይቺኛዋ ጣሪያ የላት፣ ቄስ የላት፤ ግን ቤቷ ነው። እኔም ሜዳ ላይ ቀርቼ ነው እዚህ አገር ቤት የሰጡኝ። ለካ ሃያ ደቂቃ ርቀት ላይ ጎረቤቴ ናት! ሃያ ሦስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ተመስገን አላልኳትም። አሁን ውዝፌን ነው የማመሰግነው።»

ሐረገወይን እዚያው ቆማ ለነርሷ ደወለች። ሁሉንም ስትነግራት ነርሷ ሳቀች። ከሰሜን ኖርዌይ ከመጣች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ጥያቄው ለእሷ ቢቀርብ እንደምትወድቅ አመነች። ስልኩ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ተደርጎ የትናንቶቹን ሦስት ቃላት በሐረገወይን በኩል ጠየቀቻቸው። ወይዘሮ አባይነሽ ሁለቱን ወዲያው አሉ፤ ሦስተኛውን አጡት። ነርሷ በሰባ አራት ዓመት ይህ ምንም እንዳልሆነ፣ ከቤታቸው የሚያስወጣቸው አንድም ምክንያት እንደሌለ፣ በዓመቱ መጥታ እንደምታያቸው ተናገረች።

ሐረገወይን ስልኩን ኪሷ ከተተች። እናቷ አሉ፤ ከነጭንቅላታቸው፣ ከነግትርነታቸው አሉ። አንድ ቃል ረስተዋል፤ ይርሱት። ፍርስራሹ ደፍ ላይ ተቀመጠችና የቦት ጫማዋን ክር መፍታት ጀመረች። አቶ ኦድቫር ምንም ሳይጠይቁ ምርኩዛቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ያንንም ተቀበሏት።

ሣሩ እንደ በረዶ ነው። እናትና ልጅ ዓይናቸውን ጨፍነው ጎን ለጎን ቆሙ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወይዘሮ አባይነሽ አማተቡና የልጃቸውን ክንድ ጎተት አደረጉ።

«በይ እንሂድ፣ እግርሽ ይታመማል። እኔ ጨርሻለሁ።»

«ቆዪ እማዬ» አለች ሐረገወይን ዓይኗን ሳትገልጥ። «እኔ ገና መጀመሬ ነው።»